የእንግሊዝኛን ረቂቅ ስሞች ስለ ማስተማር




ስም ማለት አንድ ነገር ከሌላው ተለይቶ የሚታወቅበት መጠሪያ መሆኑን ሰዋስው ያስተምራል። መጠሪያው የሚቆምለት ነገርም ሁለት ዐይነት ነው፤ አንደኛው በዐይን የሚታይ፣ በእጅ የሚዳሰስ ግዙፍ ነገር ሲሆን፣ ሁለተኛው በልብ የሚታሰብ፣ በአእምሮ የሚጨበጥ ረቂቅ ነገር ነው። ድንጋይ፣ ላም፣ ወንበር ግዙፋን ናቸው፤ ፍትሕ፣ ነፃነት፣ ትዕግሥት ረቂቃን ናቸው። የውጭ አገር ቋንቋ የሚማር ልጅ የግዙፉን ነገር ስም ለማወቅ ብዙ አይደክምም። መምህሩ ጠመኔውን አንሥቶ «ቾክ» ቢለው፣ ዐይኑ አይቶ ጆሮው ሰምቶ ነገሩ ይፈጸማል። «ጀስቲስ»፣ «ኤቪደንስ»፣ «ኢንቲግሪቲ» የሚባሉትን ግን ከጠረጴዛ ላይ አንሥቶ ማሳየት አይቻልም። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ ችግር በአብዛኛው የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

በኢትዮጵያ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ፣ ልጆች የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በየአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ፣ እንግሊዝኛንም ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲያጠኑት፣ የሁለተኛና የከፍተኛ ደረጃ ትምህርት ግን በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ወስኗል። ይህን የመሰለ መሻገሪያ በሌሎች አገሮችም ይገኛል፤ ለምሳሌ በታንዛንያ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሚማሩ ልጆች የመጀመሪያውን ደረጃ በኪስዋሂሊ ፈጽመው ሁለተኛውን በእንግሊዝኛ ይጀምራሉ። በዚህ መሻገሪያ ላይ የቆመ ልጅ ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላ ቋንቋ ብቻ አይደለም የሚሻገረው። ከገበያና ከቤት ቃላት ወጥቶ ወደ መጻሕፍት ቃላት ይገባል። የታሪክ መጽሐፉ ስለ «ሶቨረንቲ»፣ የሥነ ሕይወት መጽሐፉ ስለ «አዳፕቴሽን»፣ የኬሚስትሪ መጽሐፉ ስለ «ሪአክሽን» ይነግረዋል። እያንዳንዱ ትምህርት በጥቂት ረቂቅ ስሞች ላይ እንደ ቤት በምሰሶ ላይ የቆመ ነው፤ ምሰሶው ያልተተከለለት ተማሪ ጣሪያውን ብቻ ተሸክሞ እንዲቆም የተፈረደበት ይመስላል።

ከዚህ የተነሣ ብዙ ተማሪ መሸምደድን መሸሸጊያ ያደርጋል። ብያኔውን ከጥቁር ሰሌዳ ወደ ደብተር፣ ከደብተር ወደ አፉ፣ ከአፉ ወደ ፈተናው ወረቀት ያሻግረዋል፤ በልቡ ግን አያሳድረውም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በ2015 ዓ.ም. ሲገለጽ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት ከ100 ተፈታኞች 3 ያህሉ ብቻ መሆናቸው ተነግሯል። የዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሁሉም በቋንቋ ላይ ሊጫን አይገባም። ነገር ግን የጥያቄው ቃል ያልገባው ተማሪ፣ መልሱን በራሱ ቋንቋ ቢያውቀው እንኳ ሊያገኘው እንደማይችል ማስረጃ አያሻውም።

እንግዲህ ረቂቁ ስም እንዴት ይማር ነው ጥያቄው። በብዙ ክፍሎች የተለመደው ዘዴ፣ በሰሌዳው ግራ የእንግሊዝኛውን ቃል፣ በቀኙ የአማርኛውን ፍች ጽፎ ተማሪው እንዲገለብጥ ማድረግ ነው። ይህ ዘዴ ፈጣን ነው፤ ለግዙፉ ስምም ይበቃል። ለረቂቁ ስም ግን ከጥቅሙ ጉዳቱ የሚያመዝንበት ጊዜ አለ። ምሳሌውን ከፊዚክስ መውሰድ ይቻላል። «ኤር ፎርስ» በአማርኛ አየር ኃይል ነው፤ «ኤሌክትሪክ ፓወር» የኤሌክትሪክ ኃይል ነው፤ «ሪኒዩዌብል ኢነርጂ» ታዳሽ ኃይል ይባላል። እንግዲህ ተማሪው «ፎርስ» ኃይል፣ «ፓወር» ኃይል፣ «ኢነርጂ» ኃይል ብሎ ጽፎ ወደ ፊዚክስ ክፍል ሲገባ፣ ሦስቱን አንድ ነገር አድርጎ ይዞ ይገባል። ፊዚክስ ግን ሦስቱን በሦስት መስፈሪያ ይሰፍራቸዋል፤ የመጀመሪያውን በኒውተን፣ ሁለተኛውን በዋት፣ ሦስተኛውን በጁል።

ልዩነታቸውን አንድ ተሸካሚ ሊያስረዳ ይችላል። ሰውዬው ግማሽ ኩንታል ጤፍ ተሸክሞ 3 ሜትር ከፍታ ያለው ደረጃ ይወጣል እንበል። ጆንያው ወደ ምድር የሚሳብበት፣ ሰውዬውም እንዳይወድቅበት ወደ ላይ የሚደግፍበት ግፊት «ፎርስ» ነው፤ መጠኑም 490 ኒውተን ያህል ነው። ጆንያውን ከታች እስከ ላይ ለማድረስ የሚወጣው ድምር «ኢነርጂ» ነው፤ እርሱም ለጆንያው ብቻ ሲታሰብ 1,470 ጁል ይሆናል። ደረጃውን በ30 ሴኮንድ ቢወጣው 49 ዋት፣ ተጣድፎ በ15 ሴኮንድ ቢወጣው ግን 98 ዋት ይሆናል፤ «ፓወር» የሚባለውም ይኸው የፍጥነቱ ልክ ነው። ጆንያው ያው ነው፤ ደረጃውም ያው ነው፤ የተለወጠው ጊዜው ብቻ ነው። ይህን የሰማ ተማሪ ሦስቱን ስሞች ዳግመኛ አያደባልቃቸውም። በአንድ ቃል ፍች ያልተገኘው በአንድ ጆንያ ጤፍ ተገኘ ማለት ነው። ረቂቅ ስምን ለማስተማር የመጀመሪያው ሕግ ከዚህ ይወጣል፤ ይኸውም ቃሉ ከመሰጠቱ አስቀድሞ ሐሳቡ ይሰጥ፤ ሐሳቡም ተማሪው በሚያውቀው ነገር ላይ ይቁም የሚለው ነው።

ሁለተኛው ችግር ከዚህ የተገላቢጦሽ ነው። በፊተኛው ምሳሌ ሦስት የእንግሊዝኛ ስሞች በአንድ የአማርኛ ቃል ተጠቅልለው ነበር፤ በዚህኛው ደግሞ አንድ የእንግሊዝኛ ስም ብዙ የአማርኛ ቃላት ይፈልጋል። «ኢንቲግሪቲ» ታማኝነት ነው ተብሎ የተማረ ልጅ፣ ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተፈረመውን የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር ሲያነብ «ቴሪቶርያል ኢንቲግሪቲ» የሚል ያገኛል። የመሬት ታማኝነት ምን ማለት ነው ብሎ ቢደናገር አይፈረድበትም። አማርኛው ይህን የግዛት አንድነት ይለዋል። ነገር ግን ሁለቱ ፍችዎች ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው። ቃሉ የተገኘው ካልተነካ፣ ካልጎደለ፣ ሙሉ ከሆነ ነገር ከሚነገር የላቲን ቃል ነው። ከአገር ሲነገር ዳር ድንበሯ ያልተቆረሰ ማለት ነው፤ ከሰው ሲነገር ቃሉና ሥራው ያልተከፈለ፣ በስውርም በግልጽም አንድ የሆነ ማለት ነው። ይህን ሥር የያዘ ተማሪ ሦስተኛ ፍች ቢመጣበት እንኳ አይደነግጥም።

ይህ መንገድ ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። የመጻሕፍት መምህራን አንድን ቃል ሲተረጉሙ «አንድም እንዲህ፣ አንድም እንዲያ» እያሉ ምሥጢሩን በየወገኑ ሲያፍታቱ ኖረዋል። «ሂዩማኒቲ» የተባለው ስም እንዲህ ቢፈታ ምን ያምራል፤ አንድም የሰው ዘር በሞላው ነው፤ አንድም ለሰው መራራት ነው። የፍቹን ብዛት እንደ ጥፋት የሚፈራ ተማሪ፣ የአባቶቹ ትምህርት ቤት ይህንኑ ብዛት እንደ ሀብት ይቈጥረው እንደ ነበር ቢነገረው ልቡ ይበረታታል።

ከዚህ ቀጥሎ መታየት ያለበት፣ ተማሪው ወደ እንግሊዝኛው ክፍል ባዶ እጁን የማይመጣ መሆኑ ነው። ረቂቅ ስም የሚሠራበት መሣሪያ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ውስጥ አስቀድሞ አለ። አማርኛ «አንድ» ከሚለው «አንድነት»ን ይሠራል፤ ትግርኛ «ሓደ» ከሚለው «ሓድነት»ን ይሠራል፤ አፋን ኦሮሞ «ቶኮ» ከሚለው «ቶኩማ»ን ያወጣል፤ ሶማልኛ «ሚድ» ከሚለው «ሚድኒሞ»ን፣ ኪስዋሂሊም «ሞጃ» ከሚለው «ኡሞጃ»ን ይሠራሉ። የእንግሊዝኛው «ዩኒቲ»ም አንድ ከሚል የላቲን ቃል የወጣ ነው። ስድስት ቋንቋዎች አንድነትን ከአንድ ቍጥር አውጥተው መሥራታቸውን ያየ ተማሪ፣ «ነስ»፣ «ኢቲ»፣ «ሺፕ»፣ «ሁድ» የተባሉት የእንግሊዝኛ ምዕላዶች በአፉ የኖረው የ«ነት» ወገኖች መሆናቸውን ያስተውላል። ከዚያ በኋላ «ካይንድነስ»ን ከ«ካይንድ»፣ «ብራዘርሁድ»ን ከ«ብራዘር» ለማውጣት መምህር አያስፈልገውም።

ምዕላድ ግን ሁልጊዜ ታማኝ መሪ አለመሆኑ ሊነገረው ይገባል። «ሰው» ከሚለው በ«ነት» የወጣው «ሰውነት» ሰው መሆን ማለት ብቻ ሳይሆን ገላን፣ አካልን የሚያመለክት ስም ሆኗል። እንደዚሁም «ቢዝነስ» ሥራ በዝቶበታል ከሚለው «ቢዚ» የወጣ ሲሆን፣ ዛሬ ትርጉሙ ንግድ ወይም ጉዳይ ነው። የቤቱን ምሳሌ ሲያይ የባዕዱ አያስገርመውም።

የእንግሊዝኛ ቃላት መብዛት ብዙ ተማሪን ያስመርረዋል። ለአንድ ነገር ሁለት ሦስት ስም ለምን አስፈለገ ብሎ ይጠይቃል። መልሱ በታሪክ ውስጥ አለ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1066 የኖርማንዲ መስፍን ዊልያም እንግሊዝን ድል አድርጎ ከያዘ በኋላ፣ የቤተ መንግሥቱና የሹማምንቱ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ሆነ። በፍርድ ቤት ክርክር በእንግሊዝኛ እንዲሆን በሕግ የታዘዘው በ1362 ነበር። በዚህ ረዥም ዘመን የሕዝቡ ቃል ከታች ሲኖር፣ የሹማምንቱና የሊቃውንቱ ቃል ከፈረንሳይኛና ከላቲን መጥቶ ከላይ ተቀመጠ። ስለዚህ «ፍሪደም» የጥንቱ የአገሩ ቃል ሲሆን «ሊበርቲ» በፈረንሳይኛ በኩል የመጣ የላቲን ቃል ነው፤ «ብራዘርሁድ» ከታች፣ «ፍራተርኒቲ» ከላይ ናቸው። የአማርኛ ተናጋሪ ይህን ለመረዳት ብዙ አይቸገርም፤ መንገድን «ፍኖት»፣ እንጀራን «ኅብስት» የሚልበት ጊዜና ቦታ እንዳለው ያውቃልና። ግዕዝ ለአማርኛ የሚያደርገውን ላቲንና ግሪክ ለእንግሊዝኛ አድርገዋል ቢባል ነገሩ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጠናቀቃል።

ከሁለቱ ምንጮች የሚቀዱ ቃላት አንዳንድ ጊዜ ፊት ለፊት ይገናኛሉ። «ፎቶሲንተሲስ» የግሪክ ቃል ነው፤ የፊተኛው ክፍል ብርሃን፣ የኋለኛው ማጣመር ማለት ነው። የአማርኛ መጻሕፍት ይህን «ብርሃን አስተፃምሮ» ብለው መተርጐማቸው ቃሉን ከነአጥንቱ መተርጐማቸው ነው። «ዲሲዥን» የተባለውም ስም መቍረጥ ከሚል የላቲን ግሥ የወጣ ነው፤ አማርኛም ውሳኔውን «ቍርጥ» ያደርገዋል፤ የማያመነታውንም ሰው «ቆራጥ» ይለዋል። ተማሪው እንዲህ ያለውን ዝምድና አንድ ጊዜ ካየ፣ ቃሉ ከባዕድነት ወጥቶ ቤተ ዘመድ ይሆንለታል።

ስም ትርጉሙ ታወቀ ተብሎ ግን ሥራው አይፈጸምም፤ ጠባዩም ሊታወቅ ይገባል። እያንዳንዱ ስም የሚስማማው የራሱ ግሥ አለው። በአማርኛ ትኩረት ይሰጣል፤ በእንግሊዝኛ ግን «አቴንሽን» እንደ ዕዳ ይከፈላል፤ «ፔይ» በሚለው ግሥ ይነገራልና። ቍጥርም እንዲሁ ነው። አማርኛ መረጃዎች፣ ምክሮች፣ ማስረጃዎች ስለሚል ተማሪው «ኢንፎርሜሽን»፣ «አድቫይስ»፣ «ኤቪደንስ» በተባሉት ላይ የብዙ ምልክት ጨምሮ ይጽፋል፤ እንግሊዝኛ ግን እነዚህን አይቈጥራቸውም። ምክንያቱን በጤፍ ማስረዳት ይቻላል፤ ሁለት ጤፎች የሚል ገበሬ የለም፤ ሁለት ኩንታል ጤፍ ይላል እንጂ። እንግሊዝኛም «ኢንፎርሜሽን»ን እንደ ጤፍ ቈጥሮ በመስፈሪያ ይሰፍረዋል። ስለዚህ ረቂቅ ስም ብቻውን ተነጥሎ ሳይሆን ከነጎረቤቶቹ በሙሉ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሊሰጥ ይገባል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1973 ወልፍ ሌስላው ያሳተሙት የእንግሊዝኛና የአማርኛ መዝገበ ቃላት ቃላቱን በዐረፍተ ነገር ውስጥ እያስገባ የሚፈታው ስለዚህ ነው። በዚያው ዓመት ዶክተር አምሳሉ አክሊሉ ከሞስባክ ጋር ያዘጋጁት መዝገበ ቃላትም ለመምህሩ ጠረጴዛ ታላቅ ረዳት ነው።

ቃሉ ባሕር ነው፤ ከየት ተነሥቶ የት ይደረሳል የሚል መምህር ይኖራል። ለዚህም መልስ ተገኝቷል። በ1953 ማይክል ዌስት 2,000 ያህል ቃላት ያሉበትን የመሠረታዊ እንግሊዝኛ ዝርዝር አሳተመ። በ2000 ደግሞ የኒው ዚላንዷ አቬሪል ኮክስሄድ፣ ከዚያ ዝርዝር ውጭ ሆነው በልዩ ልዩ የትምህርት መስኮች ጽሑፎች ውስጥ አዘውትረው የሚገኙ 570 የቃላት ቤተ ሰቦችን ለይታ አወጣች። ሁለቱም ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። እነዚህ 570 ቤተ ሰቦች ከአንድ የከፍተኛ ትምህርት ጽሑፍ ቃላት 10 በመቶ ያህሉን ይሸፍናሉ፤ ከውስጣቸውም «አናሊሲስ»፣ «ኮንሴፕት»፣ «ኤቪደንስ»ን የመሰሉ ረቂቅ ስሞች ብዙ ናቸው። ስሌቱ ቀላል ነው። መምህሩ በሳምንት 5 ቤተ ሰብ ብቻ አጥብቆ ቢያስተምር፣ በዓመት በ38 ሳምንት 190 ይሆናል፤ በሦስት ዓመት 570 ይሞላል። በ9ኛ ክፍል የተጀመረው በ11ኛ ክፍል መጨረሻ ይፈጸምና 12ኛው ክፍል ለክለሳ ይተርፋል። በቀን 20 ቃል አስገልብጦ በሳምንቱ ሁሉንም ከማጣት በሳምንት 5 ተምሮ 5ቱንም ይዞ መቅረት ይሻላል።

የትምህርቱ ቅደም ተከተልም እንዲህ ቢሆን ይጠቅማል። አስቀድሞ ሐሳቡ ተማሪው ከሚያውቀው ነገር ተነሥቶ ይገለጥ። ቀጥሎ ቃሉ በዐረፍተ ነገር ውስጥ ይሰጥ። ከዚያ ቤተ ሰቡ ይቈጠር፤ ግሡ፣ ቅጽሉ፣ ስሙ። ከዚያም ከሚመስለው ጎረቤቱ ጋር ድንበሩ ይለይ። በመጨረሻ ተማሪው በቃሉ የራሱን ዐረፍተ ነገር ይሥራ፤ በማግስቱ፣ በሳምንቱ፣ በወሩም ደግሞ ይጠየቅበት። የመጨረሻው ነገር በተለይ ሊታሰብበት ይገባል። በቅኔ ቤት ተማሪው ግሱንና አገባቡን ቢያጠና፣ ሌላው የተቀኘውን ቢያሰማ ተቀኘ አይባልም፤ ከጉባኤ ቃና ጀምሮ የራሱን አዲስ ቅኔ ማቅረብ አለበት። ያ ሥርዐት የዕውቀትን ማረጋገጫ በመድገም ላይ ሳይሆን በመፍጠር ላይ አኑሮታል። የእንግሊዝኛም ስም የተማሪው ገንዘብ የሚሆነው ማንም ያልሰጠውን ዐረፍተ ነገር የሠራበት ዕለት ነው።

በዚህ ላይ አንድ ነቀፌታ ሊነሣ ይችላል፤ በእንግሊዝኛ ክፍል ውስጥ የአገር ቋንቋ ከተነገረ ተማሪው እንግሊዝኛን መቼ ይለማመዳል የሚል ነው። ነቀፌታው መሠረት የሌለው አይደለም። ሰዓቱን በሙሉ በአማርኛ የሚጨርስ የእንግሊዝኛ መምህር ተማሪዎቹን ይበድላል። ነገር ግን የአፍ መፍቻ ቋንቋ እንደ ድልድይ ሲሆንና እንደ መኖሪያ ሲሆን ልዩነት አለው። ሐሳቡን ለማብራት የሚወጡ ሦስት ደቂቃዎች፣ የቀረውን ሰዓት በእንግሊዝኛ ፍሬ ላለው ልምምድ ያተርፉታል፤ ሐሳቡ ሳይበራ የሚደረግ የአንድ ሰዓት ልምምድ ግን የበቀቀን ትምህርት ይሆናል። በአንድ ክፍል የብዙ ቋንቋ ልጆች ቢኖሩም መምህሩ ሁሉንም እንዲያውቅ አይጠበቅበትም፤ እነርሱው በየቋንቋቸው ያለውን ቃል እንዲያቀርቡና እንዲያነጻጽሩ ቢጠይቃቸው፣ ክፍሉ ከአንድ መምህር ዕውቀት የሰፋ ጉባኤ ይሆናል።

ሥራው የእንግሊዝኛ መምህር ብቻ እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። «ኢነርጂ»ን የፊዚክስ መምህር፣ «ሶቨረንቲ»ን የታሪክ መምህር ካላስረዳው የቋንቋው መምህር ብቻውን አይችለውም። በአንድ ትምህርት ቤት ያሉ መምህራን የየሳምንቱን ስሞች ተመካክረው ቢመርጡ፣ ተማሪው አንዱን ቃል በሦስት ክፍል ሲሰማው ይጸናለታል። ከትምህርት ሹማምንትም ሁለት ነገር ይጠበቃል። አንደኛው፣ በየትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ተማሪ ሊገልጠው የሚችል በቂ መዝገበ ቃላት እንዲኖር ማድረግ ነው። ሁለተኛው፣ ፈተናው የቃል ፍች ከመጠየቅ ወጥቶ ቃሉን በሥራ ላይ ማዋልን እንዲጠይቅ ማድረግ ነው፤ ፈተናው እንደ ጠየቀ ተማሪው ያጠናልና።

በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም የሚማር አንድ ዕጩ መምህር ወደ ፊት በሺህ የሚቈጠሩ ልጆች በፊቱ ያልፋሉ። ከእነርሱ አንዱ ሐኪም፣ አንዱ ዳኛ፣ አንዱ መሐንዲስ ይሆናል። ዳኛው «ኤቪደንስ»ን ከ«ኦፒንየን» ሳይለይ፣ ሐኪሙ ምልክቱን ከምክንያቱ ሳይለይ ቢቀር፣ ጉዳቱ የሰዋስው ስሕተት ሆኖ አይቀርም፤ በሰው ንብረትና በሰው ሕይወት ላይ ይደርሳል። ስለዚህ አንድን ረቂቅ ስም በልጅ ልብ ውስጥ በትክክል መትከል ትንሽ ሥራ አይደለም። መምህሩ ዛሬ በአንዲት ቃል ላይ የሚያጠፋው ጥቂት ደቂቃ፣ ነገ በአገር ላይ የሚታይ ማስተዋል ሆኖ ይመለሳል።